የስፌት ሥራ ገጠሩን የሚደግፈው ሰዓቱ ሲቆጠር ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሐረሪ ክልል ኤረር ወረዳ ያለን 24 ሴቶች ተሰባስበን የሣር ስፌት እንሰፋለን። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ጠፍጣፋ የግድግዳ ስፌት የጀጎል ነጋዴ በ700 ብር ይወስደዋል። ዓመቱን ሙሉ ሠርተን ለልጆች ደብተር እንኳ አይተርፈንም። የእጅ ሥራ የአካባቢያችሁን ኑሮ ይቀይራል ይሉናል። እውነት ነው ወይ? ከሆነስ ከየት እንጀምር? ብድር ወስደን ወደ ውጭ አገር ብንልክስ?»

ሰላም ለእናንተ ይሁን እህቶቼ። ከመጨረሻው ልጀምር፦ ብድሩን አሁን አትውሰዱ፣ ወደ ውጭ መላኩንም ለጊዜው አቆዩት። መጀመሪያ መፈታት ያለበት እጃችሁ ላይ ያለው 700 ብር ነው።

ስፌት የገጠር ኑሮን ይደግፋል፤ ብቻውን ግን ወረዳ አያቆምም። ጫቱን፣ ለውዙን፣ ማሽላውን አይተካም፤ ይተካል የሚላችሁ ሰው ሒሳቡን አልሠራውም። ጥሬ ዕቃው ከእርከን ዳር ይበቅላል፣ መሣሪያው አንድ ወስፌ ነው፣ ሥራው ከቤት ሳይወጡ ይሠራል፣ ገንዘቡም ሴቷ እጅ ይገባል። ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽላው ሳይደርስ ጎተራው በሚጎድልበት በክረምት ወራት ፍየል ሳይሸጥ ዱቄትና ዘይት የሚገዛ ብር ከተገኘ፣ ለአንድ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ያልተሸጠችው ፍየል ደግሞ ትወልዳለች። ይህ የሚሆነው ግን የምትሰፉበት ሰዓት ሲከፈላችሁ ብቻ ነው። አሁን እየተከፈላችሁ አይደለም፤ በቁጥር እንየው።

ጠፍጣፋ ስፌት ከመነሻው እስከ ጠርዙ የሚዞር አንድ ረጅም ገመድ ነው። የገመዱን ርዝመት ለማወቅ የስፌቱን ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለኩ፣ በራሱ አባዙት፣ በ0.785 አባዙት፣ ከዚያ ለአንዱ ዙር ውፍረት አካፍሉት። ስፌታችሁ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር (5 ሚሊ ሜትር) ከሆነ፦ 30 በ30፣ 900፤ በ0.785፣ 706፤ ለ0.5 ሲካፈል 1,413 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 14 ሜትር ማለት ነው። አሁን ስፌቱን 60 አድርጉትና ደግማችሁ አስሉት። 28 ሜትር አይመጣም፤ 56 ሜትር ተኩል ነው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል። ገዢ ግን በዓይኑ ስፋቱን አይቶ «ይሄ የዚያ እጥፍ ነው» ብሎ እጥፍ ዋጋ ይሰጣል። ትልልቁን የሚሰፉ ሴቶች ከሁሉ በላይ ደክመው ከሁሉ ያነሰ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሴቲቱ ሰንፋ አይደለም፣ ነጋዴውም የግድ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማንም ስላልለካው ነው።

ቀጥሎ ፍጥነታችሁን ለኩ። ሦስት ሴቶች ምረጡ፦ አንዷ ፈጣን፣ አንዷ መካከለኛ፣ አንዷ ጀማሪ። ሥራ ሲጀምሩ የደረሱበት ላይ ቀይ ክር ይቋጥሩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከክሩ ወዲህ የተሰፋውን በሜትር ይለኩ። ይህን በተለያየ ቀን አምስት ጊዜ ድገሙና አማካዩን ውሰዱ። ለምሳሌ መካከለኛዋ በሰዓት 40 ሳንቲ ሜትር ብትሰፋ፣ 14 ሜትሩ 35 ሰዓት ይፈጃል። በሠፈራችሁ የ8 ሰዓት የቀን ሥራ 320 ብር ነው እንበል፤ ሰዓቱ 40 ብር ነው። የእጅ ዋጋው 1,400 ብር፣ ሣርና ቀለሙ 120 ብር፣ ድምሩ 1,520 ነው። ለማኅበሩ አሥር ከመቶ ሲጨመር 1,672 ብር ይደርሳል። አሁን በ700 ስትሸጡት 120ው ለሣርና ቀለም ይሄዳል፣ የቀረው 580 ለ35 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 16 ብር ተኩል ብቻ ነው። የእኔን ቁጥሮች አትያዙ፤ የቀን ሥራ ዋጋውንም ፍጥነቱንም የራሳችሁን አስገቡ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል። አንዱ ሰዓቱን መቀነስ ነው። ያንኑ 30 ሳንቲ ሜትር ስፌት በ8 ሚሊ ሜትር ዙር ብትሰፉት ርዝመቱ ወደ 883 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ወፍራም ዙር መጠቅለያው ስለሚረዝም ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ እንዲያም ሆኖ ከ25 ሰዓት አይበልጥም። ዋጋው በዚያው ስሌት 1,230 ብር አካባቢ ይሆናል፤ ሆቴልም ቤትም ይህን ይገዛል። ሌላው ትንንሽ ዕቃ ነው፦ የሲኒና የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ስድስቱ አንድ ላይ ታስሮ። አንዱ 157 ሳንቲ ሜትር ገመድ ነው፤ መነሻው አዝጋሚ ስለሆነ 4 ሰዓት ተኩል ቁጠሩለት። ስድስቱ 27 ሰዓት፣ ዋጋው 1,270 ብር ገደማ። እንግዳ ሰው ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል፣ ጀማሪዋም ልትሰፋው ትችላለች፣ አንዱ ቢበላሽ የጠፋው 4 ሰዓት እንጂ 35 ሰዓት አይደለም።

ይህን ስል ደቂቁን፣ ቀጭን ዙር ያለውን ሥራ ተዉት ማለቴ አይደለም። ሐረር ውስጥ ስፌት ዋጋ ያለው ቤቱ ራሱ ስለሚጠይቀው ነው። በጌይ ጋር፣ በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ከመደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ በስፌት ይሸፈናል፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ዐይን እንዲሞላ ተደርጎ ይሰቀላል። ሙሽራ ስትዳር ስፌት ይሰጣል፤ ሐማት ሞት የሚባለው ለአማት የሚሄደው ዕቃ ስሙ ራሱ ጋብቻውን ይናገራል (በሐረሪ ቋንቋ ሞት የዕቃው ስም ነው እንጂ የአማርኛው ሞት አይደለም)። ቤቷን የምታውቅ የጀጎል እናት ዙሩን በጥፍሯ ቆጥራ ታውቀዋለች፤ ወፍራሙን አትገዛችሁም፣ ደቂቁን ግን ሙሉ ዋጋ ከፍላ ትወስዳለች። ስለዚህ ደቂቁ በትእዛዝና በቅድሚያ ክፍያ ብቻ ይሰፋ፤ ለገበያ ተብሎ በተስፋ አይሰፋ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው፦ የሐረሪ እናቶች ንድፍ የራሱ ስምና ቦታ አለው። ከፎቶ ላይ ቀድታችሁ ከመስፋታችሁ በፊት ባለሙያ እናት ጋር ሄዳችሁ ተማሩ፣ ስሙን ጠይቁ፣ ስትሸጡም በትክክለኛ ስሙ ሽጡ። የተበላሸ ንድፍ በገበያው ሲበዛ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ሐረር ናት፣ ሁለተኞቹ እናንተ።

አሁን ወደ ሣሩ። ብዙ ማኅበር ስለ ሽያጭ ብቻ ያስባል፤ የጥራቱ ግማሽ ግን የሚወሰነው መርፌ ሳይነካው ነው። ጥሩ ሣር የሚመዘዘው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ አበባው ወጥቶ አገዳው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ማዘንበል ሲጀምር ነው። ቀድሞ የተመዘዘ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ዙሩም ከሁለት ወር በኋላ ይላላል። ዘግይቶ የተመዘዘ ደግሞ ይሰበራል። ከላይኛው አንጓ ይዛችሁ ምዘዙ እንጂ ከሥሩ አትንቀሉ፤ ከሦስት ቁጥቋጦ አንዱን ሳትነኩ ለዘር ተዉት። የተመዘዘው በዚያው ቀን ስስ ሆኖ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባው ቦታ ይሰጣ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ይነጣል ግን ይከሰከሳል፤ ክምር ሆኖ የዋለ ሆዱ ውስጥ ይሻግታል፣ ሽታውም ከስፌቱ አይለቅም።

ከደረቀ በኋላ በርዝመትና በውፍረት ለዩት። አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ሣር ለላይ መጠቅለያ፣ የቀረው ለውስጥ ይሁን። በ1 ኪሎ እሰሩና ላዩ ላይ የተመዘዘበትን ወር ጻፉበት። ማስቀመጫው ከመሬት በአንድ ክንድ ከፍ ያለ ቆጥ ይሁን፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አፍኖ ማስቀመጥ ነቀዝና ሻጋታ መጥራት ነው። ይህን በደንብ ከሠራችሁ አንድ ያላሰባችሁት ገበያ ይከፈትላችኋል፦ የጀጎልም የድሬዳዋም ሰፊዎች ሣሩን የሚያገኙት ከገጠር ነው። የተለየ፣ የታሰረ፣ በኪሎ የተመዘነ ሣር፣ ከዚያም አለላ (በቀለም የተነከረው ሣር)፣ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ነው። መስፋት የማይችሉ አሮጊቶችና ዓይናቸው የደከመ እናቶችም ከዚህ ይከፈላሉ። የገጠሩ ድርሻ ከስፌቱ ብቻ እንዳይሆን ከፈለጋችሁ ይህን አትናቁት።

ሣሩ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ግጦሽ ላይ ያለው ቁጥቋጦ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ከሄደ ክረምቱ ሲጀምር በእርከናችሁ ላይ ትከሉት። ያረጀውን ቁጥቋጦ ቆፍራችሁ አውጡ፣ ሥር ያለው በእጅ የሚጨበጥ ጥቅል ጥቅል አድርጋችሁ ክፈሉት፣ ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ በእርከኑ ትከሻ ላይ ትከሉ። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ይተከል፤ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ከቆመ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ዓመት አትምዘዙ፣ ከብትም አይንካው። እርከኑንም ከጎርፍ ይይዝላችኋል፤ የገበያ ሣር ያለበትን እርከን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ይጠብቀዋል።

ቀለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ስሕተት ይሠራል። በገበያ በትንንሽ ላስቲክ የሚሸጠው ዱቄት ቀለም አንዳንዱ ደማቅ ነው ግን ፀሐይ አይችልም፤ በስድስት ወር ሐምራዊው ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑ። ከእያንዳንዱ ቀለም አሥር አሥር ሣር ንከሩ፣ ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ ደቡብ በሚያይ መስኮት ወይም በጣሪያ ላይ 3 ሳምንት ተዉት። ከዚያ ካርቶኑን ግለጡ፦ በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል መስመር ከታየ ያን ቀለም አትግዙ። ሁለተኛው ፈተና እርጥብ ነጭ ጨርቅ ነው። የደረቀውን አለላ በእርጥብ ጨርቅ 20 ጊዜ አሹት፤ ጨርቁ ከቀላ ገዢውም ግድግዳው ይቀላል ማለት ነው።

አነካከሩ ይህ ነው። ለ1 ኪሎ ደረቅ ሣር ከ20 እስከ 25 ሊትር ውኃ ያዙ። ሣሩን መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉት፤ ደረቁን ከጣላችሁት ቀለሙ ላዩን ብቻ ይይዛል፣ ወስፌ ሲነካው ነጩ ይታያል። ቀለሙን፣ ከ20 እስከ 30 ግራም፣ በትንሽ ሙቅ ውኃ ለብቻው በጥብጡና በጨርቅ አጥሉት፤ ያልሟሟ ዱቄት ነጠብጣብ ያደርጋል። ለብ ባለው ውኃ ላይ ጨምሩ፣ ሣሩን ክተቱ፣ ቀስ እያለ ይሙቅ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከ100 እስከ 150 ግራም ጨው በሁለት ጊዜ ጨምሩ፤ ጨው ብዙውን የዱቄት ቀለም ወደ ሣሩ ይገፋዋል። ሳይንተከተክ ለ45 ደቂቃ ይብሰል፣ ከዚያ እሳቱ ወጥቶ በራሱ ይቀዝቅዝ። አውጥታችሁ ውኃው ጥርት እስኪል እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። የቀለሙን ድስት ለምግብ አትጠቀሙበት፣ ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱ ሲበተን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የቀለሙን ውኃ ወንዝ ወይም ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አጠገብ አትድፉ። ምግብ የሚነካው የመሶብና የሌማት ውስጥ ደግሞ ያልተነከረ ሣር ይሁን፤ ጌጡ በውጭ በኩል ይበቃል።

የአንድ ትእዛዝ ቀለም ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ድስት ይነከር። አራት ሴቶች በየቤታቸው ከነከሩት አራት ዓይነት ቀይ ይመጣል፤ ሆቴል ያዘዘው 40 ስፌት ሲደረደር ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ይንከር፣ አለላውን በሚዛን ለአባላት ያከፋፍል፣ ትራፊውን በሚዛን ይቀበል።

ስለ አሰፋፉ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ግን የሚመለስ ስፌት ከሦስት ምክንያት አያልፍም። አንደኛ፣ ውስጡ የሚገባው ሣር ውፍረቱ እየተለዋወጠ ስለሚሄድ ዙሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ ንድፉም ይዛባል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የጭማቂ መጠጫ ገለባ (ስትሮ) 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ የውስጡን ሣር በሱ ውስጥ አሳልፉ፣ እየሰፋችሁ ወደፊት ግፉት። ገለባው ሲላላ አንድ ሁለት ሣር ጨምሩ፤ አልገፋ ሲል አብዝታችኋል ማለት ነው። ለሁሉም አባል አንድ ዓይነት ገለባ ስጡ፣ የ24 ሴት ሥራ የአንድ እጅ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ጠፍጣፋ የተባለው ስፌት ጎድጎድ ይላል ወይም ጠርዙ ይሞገዳል። የጎደጎደው ጥልፉ በጣም ስለጠበቀ ወይም ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ጥልፍ ስላልተጨመረ ነው፤ የሞገደው ደግሞ በዝቶ ስለተጨመረ ነው። በየአምስት ዙሩ ስፌቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡና መሐሉን በጣት ተጫኑ፤ ከተነቃነቀ አሁኑኑ አምስቱን ዙር ፍቱ። ጠርዙ ካለቀ በኋላ በእርጥበትና በክብደት ማስተካከል ይሞከራል፣ ግን ሲደርቅ ተመልሶ ይነሣል። ሦስተኛ፣ መነሻው። መነሻው ላይ ሣሩ በዝቶ ከታሰረ እንደ ቋጠሮ ያብጣል፣ ስፌቱ ጠረጴዛ ላይ ይሽከረከራል። ለመነሻው ከሦስት ወይም አራት ቀጭን፣ በደንብ የራሰ ሣር አትበልጡ፤ ውፍረቱን ከሁለተኛው ዙር ጀምሩ።

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ አላት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናት፤ አየሩ ይለያያል። በቆላው ሙቀት የምትሰፉ ከሆነ መጠቅለያውን ሣር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት፣ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ። የተረፈው እርጥብ ሣር ሲያድር ይሻግታል። የተጨረሰ ስፌት ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ላስቲክ ውስጥ አይግባ፤ ወደ ሩቅ የተላከ ዕቃ ከነሻጋታው የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜውን በደንብ ካልያዛችሁት ጥሩ ስፌትም አይረዳችሁም። ሣሩ በጥቅምት ይመዘዛል፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ይለያል ይነከራል፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይሰፋል። በሰኔና ሐምሌ አረም አለ፤ ያን ጊዜ ትእዛዝ አትቀበሉ፣ አትደርሱም። ሽያጩ ግንቦት ላይ ካለቀ ብሩ ሐምሌ ላይ እጃችሁ ላይ ነው፤ የምንፈልገው ይህን ነው። ሸዋል ዒድ ደግሞ የራሱ ቀን አለው፦ ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲያልቅ ይከበራል፣ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል፣ ከአዲስ አበባም ከውጭም ሰው ይመጣል። በዓሉ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት የሠራችሁበትን ቀን አትድገሙ። ከበዓሉ አራት ወር በፊት መስፋት ካልጀመራችሁ ለዚያ ዓመት አልፏችኋል።

ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው ገበያ አጥቶ ሳይሆን ብሩ ዘግይቶ ነው። 24 ሴቶች በወር ሁለት ሁለት ስፌት ቢሰፉ 48 ስፌት ነው፤ የእጅ ዋጋው 67,200፣ ሣርና ቀለሙ 5,760፣ በድምሩ 72,960 ብር በየወሩ ይታሰራል። ገዢው በሁለት ወር ቢከፍል ወደ 146,000 ብር ከየት ይመጣል? ከየትም። ስለዚህ አንዷ ችግር ሲጠናባት ስፌቷን ደብቃ ለነጋዴው በ700 ትሸጣለች፣ ሌላዋም ትከተላለች፣ ትእዛዙም ይጎድላል። እሷን መውቀስ አይገባም፤ ልጇ ታሞ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። ገዢው ሲያዝ 50 ከመቶ ይክፈል፤ ይህን ያልተቀበለ ገዢ የእናንተን ገንዘብ ያለ ወለድ መበደር የፈለገ ነው። ማኅበሩም አሥር ከመቶውን ሳይነካ እያጠራቀመ፣ ስፌቱ የጥራት ፈተናውን ሲያልፍ የእጅ ዋጋውን ግማሽ ወዲያው ለሠሪዋ ይክፈል። ብድር የሚያስፈልጋችሁ ያኔ ነው፦ የተፈረመ ትእዛዝ ሲኖር፣ ከትእዛዙ ያነሰ፣ በክፍያው ቀን የሚመለስ። ወለድ ለማትፈልጉ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በሐረርም በድሬዳዋም አለ። አፎቻችሁ (እንደ ዕድር ያለው መረዳጃችሁ) እና እቁባችሁ ለቅሶና ሰርግ ላይ ይቆዩ፤ የማኅበሩን ሒሳብ ከእነሱ ጋር አትቀላቅሉ።

የት ትሸጡ? ከቅርብ ጀምሩ። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የባህል ቤቶች፣ በፈረስ መጋላ ዙሪያ ያሉ ሱቆች፣ 55 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በድሬዳዋ ከዚራ ያሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች። ሱቅ የገዛበትን ዋጋ እጥፍ አድርጎ እንደሚሸጥ አስቡ፤ 1,230 ብር የሰጣችሁት 2,400 ላይ ይሰቀላል። ሱቁ ገብታችሁ «ይህ በ2,400 ይሸጣል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ካልተሸጠ ዋጋውን አትቀንሱ፣ ዕቃውን ቀይሩ፦ ትንሽ፣ ወፍራም ዙር፣ ወይም በስብስብ የሚሸጥ። ዕቃ በአደራ፣ «ሲሸጥ እከፍላችኋለሁ» ተብሎ አይሰጥ፤ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ፣ ዋጋውና የሚመለስበት ቀን በሁለት ቅጂ ይጻፍ።

ወደ ውጭ መላክ ስትደርሱበት ሁለት ነገር ያስገርማችኋል። በፈጣን መላኪያ (ኩሪየር) በአየር የሚላክ ዕቃ የሚከፈልበት በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ሲካፈል ከሚዛኑ ከበለጠ በዚያ ይከፈላል። 50 በ50 በ60 ካርቶን ውስጥ የገባ መሶብ ሚዛኑ 3 ኪሎ ቢሆንም የሚከፈልበት 30 ኪሎ ነው። ተደራርበው 32 በ32 በ25 ካርቶን ውስጥ የገቡ 12 ጠፍጣፋ ስፌቶች ግን 5 ኪሎ ብቻ ይቆጠራሉ። ስለዚህ መሶብ ለአገር ቤት፣ ጠፍጣፋው ለውጭ። ሁለተኛው ነቀዝ ነው፦ የሣር ዕቃ ስለሆነ ተቀባዩ አገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ስፌት በላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ማቆየት ነቀዙን ከነእንቁላሉ ይገድላል፤ ስታወጡት ላስቲኩን ሳትከፍቱ አንድ ቀን ተዉት፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። በጉምሩክ ሰነድ ላይ የስፌት ዕቃ በታሪፍ ቁጥር 46.02 ይመዘገባል። ወደ አሜሪካ የነበረው የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለኢትዮጵያ ቆሟል፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት ግን የመነሻ አገር ማረጋገጫው ከተሟላ ያለ ቀረጥ ይገባል።

ስሙንም አስቡበት። ኢትዮጵያ ሐረር የሚለውን የቡና ስም በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተሟገተችው ስሙ ራሱ ገንዘብ ስለሆነ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ማኅበራት የወል የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ይችላሉ። ብቻችሁን አታድርጉት፤ ከጀጎል ሰፊዎች ጋር ተነጋግራችሁ፣ ምን ዓይነት ሣር፣ የስንት ሚሊ ሜትር ዙር፣ የማን ንድፍ እንደሆነ በጽሑፍ ተስማምታችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ለመጀመሪያው ገዢ ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት ይህን ነው፦ የአንዱ ዕቃ ሦስት ናሙና (ሦስቱም እኩል መሆናቸውን ራሱ እንዲለካ ሜትሩን ስጡት)፣ የቀለሙ የፀሐይ ፈተና ካርቶን፣ የዋጋ ዝርዝር በሰዓት ተሰልቶ፣ በወር ስንት ማድረስ እንደምትችሉ የተጻፈበት ወረቀት። በወር 48 ከቻላችሁ 35 ብላችሁ ጻፉ፤ አንዷ ትወልዳለች፣ አንዷ ትታመማለች፣ አምስት ስፌት ደግሞ በጥራት ይወድቃል። ነጋዴው 700 ሲላችሁም ከእሱ ጋር አትጣሉ፤ የ35 ሰዓቱን ሒሳብ ፊቱ አስቀምጡና ወፍራሙን ዙር አሳዩት።